ከፓኔሉ በፊት ጣራውን

ቤታቸውን ሊያድሱ ያሰቡ ሰዎች ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሆኔን ሲያውቁ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ፀሐይ ፓኔል ነው። ስንት ይበቃኛል? ባትሪውስ ስንት ዓመት ይቆያል? እኔም መልሼ «ከኮርኒሱ በላይ ያለውን አይተውት ያውቃሉ?» እላለሁ። አብዛኞቹ አላዩትም። ጥያቄዬን እንደ ሽሽት የሚቆጥሩትም አይጠፉም። በሥራ ዘመኔ ከገባሁባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ግን ኃይል የሚያባክኑት በሽቦ በኩል አይደለም፤ በጣራው፣ በመስኮቱ ዳርና በውሃ ማሞቂያው በኩል ነው። ፓኔል ብክነትን አያቆምም፤ የሚባክነው የፀሐይ ኃይል እንዲሆን ያደርጋል እንጂ። እንዲህ ባለ ቤት ላይ ፓኔል መትከል በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

የራሳችንን ቤት ማደስ ስንጀምር ከባለቤቴ ጋር የተከራከርንበትም ይኸው ነበር። እርሷ የወለሉ ንጣፍ ይቅደም አለች። «ሰው ቤት ሲገባ የሚያየው ወለሉን ነው፤ አንተ ገንዘባችንን ማንም የማያየው ቦታ ልትቀብረው ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ማንም አያየውም። የቤት እድሳት ትልቁ ፈተና ይህ ይመስለኛል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ክፍል ሁሉ የተሸፈነ ነው። እንግዳ ጠርቶ «ኑ፣ የደፈንኩትን ቀዳዳ እዩልኝ» የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከጣራው ልጀምር። ጠቆር ያለ ጣራ ከሚያርፍበት የፀሐይ ጨረር አብዛኛውን ይውጣል፤ በጠራራ ቀን ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ያ ሙቀት ወደ ታች ይወርዳል፣ ኮርኒሱን ያግላል፣ ማታ የቤቱ ሰው ሊተኛ ሲል ገና አልበረደም። በብርድ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያሞቅነው አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣና ባገኘው ክፍተት ሁሉ ይሾልካል። ጣራን ነጭ ወይም ጨረር የሚመልስ ቀለም መቀባት ሙቀት ለሚበዛበት አካባቢ ቀላልና ፈጣን መፍትሔ ነው፤ ብርድ ለሚያጠቃው ግን ብዙም አይፈይድም። የሙቀት መከላከያ በሁለቱም ወገን ይሠራል።

ሙቀት የሚከላከለው ኮርኒስ ላይ የሚነጠፈው ጥጥ መሳይ ሱፍ ራሱ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሥራውን የሚሠራው በቃጫዎቹ መካከል የታሰረው አየር ነው። በአንድ ሜትር ውፍረት በአንድ ዲግሪ ልዩነት ሲለካ፣ የማይንቀሳቀስ አየር የሚያሳልፈው ሙቀት በካሬ ሜትር 0.025 ዋት ገደማ ነው። የማዕድን ሱፍ 0.04 አካባቢ ያሳልፋል። ኮንክሪት ግን ከ1 ይበልጣል፣ ብዙ ጊዜም ከ1.5 በላይ ነው። ስለዚህ ወፍራሙን ሱፍ በጠባብ ቦታ ጠቅጥቆ የሚያስገባ ሠራተኛ ገንዘብ የተከፈለበትን አየር ጨምቆ እያስወጣው ነው። ሲረጥብ ደግሞ የአየሩን ቦታ ውሃ ይይዘዋል፤ ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ያሳልፋል። የሚያፈስ ጣራ ሥር የተነጠፈ የሙቀት መከላከያ ትርፉ ሻጋታ ነው። ጣራው ሳይጠገን ምንም አይነጠፍ።

እኛ ቤት ውስጥ የቀድሞው ባለቤት ያስነጠፈው ቢጫ የመስታወት ሱፍ ነበር። የእጅ ባትሪ ይዤ ወጣሁና አግዳሚው እንጨት ላይ ተንበርክኬ አንዱን ቁራጭ ገለበጥኩት። ከታች በኩል ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ለማያውቀው ሻጋታ ይመስላል፤ ስነካው ግን ደረቅ አቧራ ነው። ከታች ካለው ክፍል የሚወጣ አየር በሱፉ ውስጥ ሲያልፍ አቧራውን እዚያው እየተወ ይሄዳል፤ ሱፉ አየሩን ሳያቆም አጣርቶ ያሳልፈዋል። ጥቁሩ ባለበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። አንዱ የመብራት ሽቦ የወረደበት ነበር፣ ሌላው ቧንቧ ያለፈበት፤ ትልቁ ደግሞ ግድግዳውና ኮርኒሱ የሚገናኙበት፣ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነው። ያንን ጥቁር ምልክት እየተከተልኩ ከላይ በጠመኔ አከበብኩና አንድ በአንድ ደፈንኩ። ሱፉ እንደገና የተነጠፈው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ቀዳዳውን ዳግመኛ የሚያገኘው የለም።

እዚህ ላይ እንደ ሙያዬ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በሱፍ የተሸፈነ ሽቦ እንደ ልቡ አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ በነጻ አየር ሊሸከመው ይችል የነበረውን ያህል የኤሌክትሪክ ጅረት መሸከም የለበትም። ለማብሰያና ለውሃ ማሞቂያ የሚሄደው ሽቦ ከሱፉ በላይ ቢያልፍ ይመረጣል፤ ካልሆነም ወፈር ባለ ሽቦ ይተካ። ልባሱ የሚፈረፈር አሮጌ ሽቦ ካለ ሱፉ ከመነጠፉ በፊት ይቀየር። ኮርኒስ ውስጥ የተቀበሩ አሮጌ ሃሎጅን መብራቶች በኃይለኛው ይግላሉ፤ ጀርባቸው ላይ ሱፍ መጫን እሳት መጋበዝ ነው። በአሮጌ ቤት የአስቤስቶስ ሰሌዳ (ቃጫማ ማዕድን የተቀላቀለበት) ካጋጠመ ደግሞ መጋዝም መሰርሰሪያም አይቅረበው። ሳይነካ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ብናኙ ግን ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ያስከትላል። እርሱን የሚያነሳው ሙያው ያለው ሰው ነው።

ክፍተት ፍለጋው ከኮርኒሱ ወደ ግድግዳው ይወርዳል። ነፋስ በሚበረታበት ምሽት በሮቹንና መስኮቶቹን ዘጋግቼ የኩሽናውን የአየር ማስወጫ ከፈትኩት። ከዚያ ጫፉ የሚጨስ ቀጭን እንጨት ይዤ በመስኮቱ ዳር ቀስ እያልኩ ዞርኩ። ጢሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ድንገት ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ከሁሉም ይበልጥ የታጠፈው በመስኮቱ ሳይሆን በውጭው ግድግዳ ላይ ባለው ሶኬት ዙሪያ ነበር። ባለሙያዎች ይህንኑ በመሣሪያ ያደርጉታል፤ የውጭው በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥመው በቤቱ ውስጥና ውጭ መካከል የ50 ፓስካል የግፊት ልዩነት ይፈጥራሉ፣ ከዚያም ስንት አየር እንደሚያልፍ ይለካሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 በጀርመን ዳርምሽታት ከተማ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ፓሲቭ ሃውስ (ለማሞቂያ እጅግ ጥቂት ኃይል የሚበቃቸው) ቤቶች የተነሣው መስፈርት በዚህ ግፊት የቤቱ አየር በሰዓት ከ0.6 ጊዜ በላይ እንዳይለዋወጥ ያዛል። ለክፍል ማሞቂያም በዓመት በካሬ ሜትር ከ15 ኪሎ ዋት ሰዓት እንዳያልፍ ይላል። አሮጌ ቤት እዚያ እንዲደርስ አልጠብቅም፤ ነገር ግን እዚያ የሚያደርሰው የክፍተት ድፈና፣ የሙቀት መከላከያና ጥንቃቄ የተሞላበት የእጅ ሥራ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

ቀዳዳ ስንደፍን እርጥበቱ የት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ የውሃ ተን ይይዛል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ግን ከ9 ግራም ብዙም አያልፍም። ትርፉ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባም ሻጋታ ይሆናል። መልሱ ቀዳዳውን መተው አይደለም፤ አየሩ በምንፈልገው ቦታና ጊዜ እንዲወጣ ማድረግ ነው። የመታጠቢያ ቤቱና የኩሽናው ማስወጫ ቱቦ እስከ ውጭ ድረስ ይሂድ። ኮርኒስ ውስጥ የሚተነፍስ ማስወጫ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ሠርቶ ገንዘቡን የተቀበለውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

መስኮትን በሚመለከት ሻጮችን ደስ የማያሰኝ አስተያየት አለኝ። ነጠላ መስታወት በካሬ ሜትር በአንድ ዲግሪ ልዩነት 5.8 ዋት ገደማ ያሳልፋል፤ ተራ ድርብ መስታወት 2.8 ገደማ፤ በመካከሉ አርጎን ጋዝ ያለበትና በቀጭን ብረታማ ሽፋን የተለበጠው ደግሞ ወደ 1.1 ይወርዳል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ክርክር የለኝም። ነገር ግን መስኮት ከቤቱ ስፋት ትንሹን ነው የሚይዘው፤ ዋጋው ደግሞ ከፍተኛ ነው። ፍሬሙ ያልበሰበሰ መስኮት ማጠፊያው ተስተካክሎ ጎማው ቢቀየር ብዙ ዓመት ያገለግላል። ችግሩ ፀሐይ ከሆነ ደግሞ ጥላው ከውጭ ይሁን። ጨረሩ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ በመጋረጃ መከልከል የውጭውን ጥላ ያህል አይጠቅምም፤ ሙቀቱ ቀድሞ ቤት ገብቷል።

አሁን ወደ ውሃ ማሞቂያው። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። በመታጠብ ላይ የሚፈስሰው 60 ሊትር ቢሆንና ከ15 ወደ 40 ዲግሪ ቢሞቅ 1.75 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። በዚህ ኃይል 9 ዋት የሆነ ኤልኢዲ አምፖል ሌትና ቀን ሳይጠፋ ስምንት ቀን ይበራል። ልጆቹን መብራት አጥፉ እያለ ሲቆጣ የሚውል አባት ሙቅ ውሃ ሥር ቆሞ ሲያንጎራጉር የሳምንቱን መብራት ጨርሶታል። ስለዚህ ውሃ የሚቆጥብ የመታጠቢያ (ሻወር) ራስ፣ በሙቀት መከላከያ የተጠቀለለ ቧንቧና የተሸፈነ የማሞቂያ በርሜል አምፖል ከመቀየር በላይ ዋጋ አላቸው። የበርሜሉን ሙቀት ግን እጅግ አውርዶ ቁጠባ መፈለግ አይገባም፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሊጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ይራባል። በርሜሉ ውስጥ 60 ዲግሪ ሆኖ መታጠቢያው ጋ ከቀዝቃዛ ጋር መቀላቀሉ የተሻለ ነው።

ፀሐይንም ቢሆን ኤሌክትሪክ ከማመንጨት በፊት ውሃ ለማሞቅ ማሰቡ መልካም ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የባልቲሞሩ ክላረንስ ኬምፕ ለገበያ የሚሆን የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። የእርሱ በርሜል ራሱ ፀሐይ ላይ ስለሚቀመጥ ሌሊት ይቀዘቅዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ዊሊያም ቤይሊ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሞቂያውን ከበርሜሉ ለየና በርሜሉን ሸፈነው፤ ውሃው እስከ ማግስቱ ሙቅ ሆኖ አደረ። ቤይሊ ያሸነፈው በመሸፈን ነው፤ እኔም ከፊት ጀምሮ ስለዚሁ ነው የማወራው።

ስለ አምፖል ብዙ የምለው የለም፤ ያልቀየረ በኤልኢዲ ይቀይር። ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠውን ኤልኢዲ የፈጠሩት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2014 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ሥራ በየኮርኒሳችን ላይ ተሰቅሏል። ጠፍተዋል ስንል ኃይል የሚስቡ ዕቃዎችም አሉ፤ 5 ዋት ብቻ የሚስብ ዕቃ በዓመት 44 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ማከፋፈያ ይበቃዋል።

የሚያናድደኝ ግን «አካባቢን ለመጠበቅ» ተብሎ ደህናው ግድግዳ ሲፈርስ ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ ደንበኛዬ የጠነከረ የጡብ ግድግዳቸውን አፍርሰው በዘመናዊ ዕቃ ሊተኩ ተነሥተው ነበር። «እሱማ ጥንት የተሠራ ነው» አሉኝ። «ታዲያ የጡቡ ምድጃ ጭስ ጥንት ወጥቶ አልቋል፤ ለምን እንደገና ያስወጡታል?» አልኳቸው። አዲሱ ግድግዳ የሚፈልገው ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ተቃጥሎ ነው። ነዳጁ ከሚያወጣው ሌላ ድንጋዩ ራሱ ሲበታተን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ለዚህ ነው ነዳጁን ብቻ በመቀየር የማይጠራው። አሜሪካዊው አርክቴክት ካርል ኤሌፋንቴ ከሕንፃዎች ሁሉ ለአካባቢ የሚስማማው አስቀድሞ የተሠራው ነው ይላል። እኔ እስማማለሁ፤ ለእንጨት በሮችም፣ ለመታጠቢያ ገንዳም ጭምር። ደንበኛዬ ግድግዳውን ትተው ውስጡን በኖራ አስለሰኑት።

ቁጠባው ራሱን እንዳይበላ መጠንቀቅም ይገባል። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ዊሊያም ስታንሊ ጄቮንስ እ.ኤ.አ. በ1865 እንደታዘበው፣ የድንጋይ ከሰል የሚቆጥቡ ሞተሮች ሲመጡ የከሰል ፍጆታ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። እኛም ቤት ክፍሎቹ ምቹ ሲሆኑ ሌላ ማሞቂያ ይገዛ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ለዚህ የሚረዳኝ ቆጣሪው አጠገብ የተንጠለጠለ ደብተር ነው፤ በየሳምንቱ ንባቡን እጽፍበታለሁ። ከወሩ ሒሳብ ይልቅ የሳምንቱ ንባብ ይናገራል፤ ምን እንደተለወጠ ገና አልተረሳምና።

ለሌላ ሰው ሥራውን የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ ውሉ ላይ አንድ መስመር አስገቡ፤ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው፣ ሱፉ ሳይጨመቅ ተነጥፎ፣ ሽቦና ቧንቧው የት እንዳለፈ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ባለቤቱ በዓይኑ ሳያይ ኮርኒሱ አይዘጋ፣ የመጨረሻውም ክፍያ አይከፈል። ጎበዝ ሠራተኛ በዚህ አይቀየምም። «እመኑኝ፣ ዝም ብለው ይዝጉት» የሚል ካጋጠማችሁ መሰላሉን ራሳችሁ አምጡና ውጡ።