የንጉሡ ሮንዴላዎች

ሳንቲም እንደምሰበስብ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ወርቅ ነው ወይስ ብር ብሎ ነው። እኔ የምሰበስበው ግን ነሐስ ነው፤ ያውም በዘመኑ እንኳ ሀብታም ሰው መንገድ ላይ ቢጥለው ጎንበስ ብሎ የማያነሳው፣ ዛሬ ደግሞ ለንደን ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚዘረጉ ነጋዴዎች በብስኩት ቆርቆሮ ሞልተው በኪሎ የሚሸጡት፣ የእንግሊዝና የቅኝ ግዛቶቿ የድሮ ዝርዝር ገንዘብ። የወርቅ ሳንቲም ዕድሜውን የሚጨርሰው ካዝና ውስጥ ተቀምጦ ስለሆነ ብዙም ወሬ የለውም። ፔኒ ግን ዳቦ ቤት ገብቶ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ቁማር ተበልቶ፣ የንግሥት ቪክቶሪያ አፍንጫ እስኪጠፋ ድረስ በሰው እጅ ተፈትጎ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው።

እስከ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1971 ድረስ አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግ 12 ፔንስ፣ አንድ ፔኒ ደግሞ በፊት በፊት 4 ፋርዚንግ ነበር። እንግዲህ አንድ ፓውንድ የያዘ ሰው 240 ፔንስ ወይም 960 ፋርዚንግ ይዟል ማለት ነው፤ በዚህ ሒሳብ ያደገ ሕዝብ ግማሽ ዓለም መግዛቱ ሳይሆን ሱቅ ውስጥ መልስ ሳይሳሳት መስጠቱ ነው እኔን የሚገርመኝ። በዚያ ቀን ፓውንዱ በ100 አዲስ ፔንስ እንዲመነዘር ተደረገና አሮጌው ፔኒ ከጥቂት ወራት በኋላ ከገበያ ወጣ፤ ፋርዚንግማ ጭራዋን ሽቅብ ካቆመችው ትንሽ ወፉ ጋር በ1960 መጨረሻ ቀድሞ ተሰናብቶ ነበር። ቆርቆሮ የሚገዛ ሰብሳቢ ሁሉ በልቡ የሚመኘው የ1933ን ፔኒ ነው። በዚያ ዓመት አገሩ በቂ ፔኒ ስለነበረው ለገበያ የሚሆን አልተመታም፤ ጥቂቶች ብቻ ተሠርተው አንዳንዶቹ በአዳዲስ ሕንፃዎች የመሠረት ድንጋይ ሥር ተቀበሩ፤ በ1970 ሊድስ ውስጥ ሌቦች ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ሥር አንዱን ወስደውታል። የእኔ ምኞት እንኳን ቤተ ክርስቲያን ሊያስቆፍር ጎረቤትም የሚያስቀና አልነበረም፤ የንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛን ስም የያዙ ሦስት የነሐስ ሳንቲሞች ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ኤድዋርድ 8ኛ በጃንዋሪ 1936 ነግሠው በዚያው ዓመት በዲሴምበር ለሚወዷት ሴት ሲሉ ዙፋናቸውን ስለለቀቁ፣ መልካቸው የተቀረጸበት የእንግሊዝ ሳንቲም ለሕዝብ ሳይሰራጭ ቀርቷል። ለሙከራ የተሠሩትን ጥቂቶች ዛሬ በጨረታ የሚገዛቸው የናጠጠ ሀብታም ብቻ ነው። ሆኖም ለንደን የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድ ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንጋኒካ የሚያሠራቸው ባለ 5 እና ባለ 10 ሳንቲሞች መሐላቸው የተበሳ በመሆኑ የንጉሥ ፊት የሚያርፍበት ቦታ አልነበራቸውም፤ ዘውድና ስም ይበቃቸው ነበር። ስለዚህ ንጉሡ በልማዱ መሠረት ወደ ቀኝ መዞር ሲገባቸው «የማምረው በግራ ጎኔ ነው» በሚል ክርክር ቀራጮቹን ሲያስጨንቁ፣ እነዚህ ያለ ምንም ክርክር ተመትተው አፍሪካ ገቡ። የ10 ሳንቲሙ ሦስት ዓይነት አለው፦ ለንደን የተሠራው ምልክት የለውም፣ ቢርሚንግሃም ሂተን በተባለው የሳንቲም ፋብሪካ የተሠራው «ኤች» የምትል ደቃቅ ፊደል አለችው፣ ኪንግስ ኖርተን በተባለው ሌላ ፋብሪካ የተሠራው ደግሞ «ኬ ኤን» ይላል። ሦስቱንም አሟልቼ፣ በትናንሽ የወረቀት ፖስታ ከትቼ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬያቸው ነበር። የእያንዳንዳቸው ዋጋ ከአንድ የለንደን ማኪያቶ የማይበልጥ መሆኑ ደስታዬን አልቀነሰውም።

በዚህ መሐል አጎቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጡ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ያሳለፉ፣ እጃቸው ሥራ ሲፈታ የሚያማቸው ሰው ናቸው፤ እኔ ሥራ ስውል ቤት ውስጥ ብቻቸውን መቅረታቸው ሊያሳስበኝ የሚገባው እዚህ ላይ ነበር። አንድ ቀን ማታ ስመለስ፣ ቤቱን ከተከራየሁ ጀምሮ ወደ ፊት ያዘመመው የወጥ ቤት መደርደሪያ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሳህኑ፣ ድስቱ፣ ጀበናው፣ እሳቸው ያመጡልኝ ሽሮና በርበሬ ሳይቀር ተጭኖበታል። አመስግኜ ሳልጨርስ ዓይኔ ቪቴዎቹ ላይ አረፈ። በእያንዳንዱ ቪቴ ራስ ሥር ሰፋ ያለ፣ ጠይም፣ ክብ ነሐስ ተጣብቋል። ጠጋ ብዬ ሳይ ከቪቴው በላይ ዘውድ አለ፤ በዙሪያው ደግሞ ኤድዋርድ 8ኛ ንጉሥና የሕንድ ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን የሚናገር የላቲን ጽሑፍ ይነበባል።

«ጋሼ፣ ይህን ከየት አመጡት?» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

«ሮንዴላውን ነው? ጠረጴዛህ ላይ በፖስታ ተጠቅልሎ አገኘሁት። የቪቴው ራስ እንጨቱን እየበሳ ይገባ ስለነበር ሰፊ ሮንዴላ ነው የሚፈልገው። አሁን በሬ ቢንጠለጠልበት አይወድቅም።»

«የሳንቲም ቆርቆሮዬ ውስጥ ያ ሁሉ የተበሳ ሳንቲም እያለ እነዚህን ለምን?»

«የቆርቆሮው አንዱ ይሳሳል፣ አንዱ ይወፍራል። እነዚህ ሦስቱ ግን ልክክ ያሉ ናቸው። ለአራተኛው ቪቴ ከቆርቆሮው አንድ አወጣሁና ከሥሩ ካርቶን አደረግሁበት።»

ይህን ሲሰማ የሚናደድ ሰብሳቢ ካለ ሙያውን አያውቅም። በጦርነቱ ዘመን እነዚህ ሳንቲሞች ቀድሞ ከነበሩት እንዲሳሱ ተደርገዋል፤ እኔ በመጽሐፍ ያነበብኩትን ልዩነት ጋሼ በአውራ ጣታቸው ደርሰውበታል። ቢሆንም ንጉሡ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው የወረዱ መሆናቸውን፣ ሳንቲሙም የ1936 እንደሆነ እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «የጃንሆይ ሳንቲምም እኮ 1936 ነው የሚለው፤ ስንት ጊዜ ከረሜላ ገዝቼበታለሁ» አሉኝ።

መልስ አጣሁ፤ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው። ከጣሊያን መውጣት በኋላ በእኛ አቆጣጠር 1936 ዓ.ም. ተብለው የወጡት የኢትዮጵያ ሳንቲሞች ዓመቱ ሳይቀየርባቸው ለብዙ ጊዜ ሲመቱ ስለኖሩ፣ በጋሼ ዕድሜ ላለ ሰው ከ1936 የበለጠ ተራ ቁጥር የለም። ከዚያም በፊት፣ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1941 ከአርበኞቻችን ጋር ከገቡ ወዲህ፣ በጁላይ 1945 የኢትዮጵያ ብር አንዱ በሁለት ሽልንግ ተመን እስኪተካው ድረስ፣ ይኸው የምሥራቅ አፍሪካ ገንዘብ አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራበት ነበር። «አባቴ በሲባጎ ሰክቶ ይይዘው ነበር» አሉ ጋሼ ነገሩን ሲደመድሙት፤ «ቀዳዳው ለመሰካት ነው፤ እኔም ሰካሁት።»

ቅዳሜ ዕለት ዕቃውን ከመደርደሪያው አውርጄ ካቻቪቴ እንዳነሳሁ አከራዬ ቤቱን ሊያዩ መጡ። ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው እንግሊዛዊ ናቸው። መደርደሪያውን ነቅነቅ አድርገው አልነቃነቅ ሲላቸው ተደሰቱ፤ ቀጥሎ ሮንዴላዎቹን አይተው ዓይናቸውን አጠበቡ፤ ከዚያ ልጅ ሳሉ እናታቸው ለጋዝ ቆጣሪው ሽልንግ ያጎርሱ እንደነበር፣ ሽልንጉ ሲያልቅ ራት በግማሽ ብስል ይቀር እንደነበር አጫወቱኝ። የሚረዳኝ ሰው ባገኘሁ ብዬ የሦስቱን ሳንቲሞች ታሪክ በዝርዝር ነገርኳቸው። በጥሞና አዳመጡኝና፣ ግድግዳ ላይ በቪቴ የታሰረ ማንኛውም ነገር በሕጉም በውላችንም የቤቱ አካል መሆኑን በጣም በትሕትና አስታወሱኝ።

ቀልድ መሆኑን እርግጠኛ ለመሆን ፊታቸውን ባየው ምንም አይነበብበትም፤ እንግሊዝ ቀልዱን የሚነግርህ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጋሼም አከራዬ ምን እንዳሉ ጠየቁኝና ተረጎምኩላቸው። «ትክክል ናቸው፤ የተሰካ ዕቃ የቤት ነው» ብለው የሥጋ ዘመዴ ፈረዱብኝ። ሁለቱ አንድ የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው ተጨባበጡ።

በመጨረሻ አከራዬ በእነዚህ ምትክ እኩል ጥንካሬ ያለው ሮንዴላ ከተደረገ ንጉሡን ለመልቀቅ ተስማሙ። ከሱቅ የገዛሁትን ሮንዴላ ጋሼ በሁለት ጣት አጠፍ አድርገው «ይሄ ወረቀት ነው» በማለት መለሱልኝና፣ ቆርቆሮውን ወለሉ ላይ ገልብጠው፣ እየዳሰሱ እየመረጡ አራት የ1952 ባለ 10 ሳንቲሞች አወጡ፤ የጆርጅ 6ኛን ስም የያዙ፣ ከየትም የሚገኙ፣ ማንም የማያለቅስላቸው ናቸው። ምልክት የሌለውና ባለ «ኤች»ው ፊታቸው ቢቧጠጥም በሰላም ወጡ። የኪንግስ ኖርተኑን የያዘው ቪቴ ግን ጋሼ በጋራዥ ጉልበት ስላጠበቁት ራሱ ተበልቶ ካቻቪቴ አልይዝ አለ፤ ቢነቀል ደግሞ ግድግዳው አብሮ ይመጣል ተብሎ እዚያው እንዲቀር ተወሰነ። በስብስቤ መዝገብ ላይ አሁን «ቦታ» በሚለው ዓምድ ሥር «ወጥ ቤት፣ ከበርበሬው በስተቀኝ» ተብሎ ተጽፏል።

ጋሼ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ አከራዬ በመጡ ቁጥር ከእኔ ሰላምታ በፊት ወደ ወጥ ቤት ገብተው ንጉሣቸውን አይተው ይወጣሉ። ባለፈው ጊዜ ደግሞ ከወላጆቻቸው የቀረ አንድ ከባድ የሳንቲም ቆርቆሮ አቅፈው መጡ። ለእኔ መስሎኝ በደስታ እጄን ስዘረጋ ቆርቆሮውን ወደ ደረታቸው ጠጋ አድርገው፣ የራሳቸው የመታጠቢያ ቤት መደርደሪያ እየዘመመ መሆኑን ገለጹልኝና አጎቴ መቼ ተመልሰው እንደሚመጡ ጠየቁኝ።