ትልልቅ ጥያቄዎችና ጥቃቅን መዝገቦች

ታሪክ ማንበብ እንደምወድ የሚያውቁ ሰዎች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ስለ ሥርወ መንግሥታት መነሣትና መውደቅ አይደለም። ፒራሚዶቹን የገነቧቸው እውነት ባሮች ናቸው ወይ? ናፖሊዮን ያን ያህል አጭር ነበር ወይ? ስሙ እስከ ዛሬ የደረሰልን የመጀመሪያው ሰው ማን ነው? እያሉ ነው የሚይዙኝ። አንዳንዶቹ ጥያቄውን ከማንሣታቸው በፊት «ይቅርታ፣ የልጅ ጥያቄ ነው» ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። መልሱን ፍለጋ ስወጣ ብዙ ጊዜ የምደርሰው ማንም ለታሪክ ብሎ ካልጻፈው አንድ ትንሽ መዝገብ፣ ከአንድ ሒሳብ ወይም ከአንድ የመለኪያ ቁጥር ዘንድ ነው። ነገሥታት ለትውልድ ብለው በድንጋይ ያስቀረጹት ጽሑፍ በአብዛኛው የራሳቸውን ክብር ይናገራል፤ እኛ የምንጠይቀውን የሚመልስልን ግን የዕለት ሥራውን ለአለቃው ለማስረዳት የጻፈ ሰው ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፒራሚዶቹ ልጀምር። የጊዛው ታላቁ ፒራሚድ ለፈርዖን ኩፉ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 ገደማ ሲሆን፣ 2.3 ሚሊዮን ያህል ድንጋይ እንደ ፈጀ ይገመታል። መቶ ሺህ ሰዎች በፈረቃ እንደ ሠሩት የጻፈው ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ነው፤ ነገር ግን ሄሮዶቱስ ግብፅን ያየው ሕንፃው ካለቀ ከ2,000 ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ፣ የሰማውን ከመጻፍ በቀር ብዙ ምርጫ አልነበረውም። እየተገረፈ ድንጋይ የሚጎትት ባሪያ የሚለው ምስል በአእምሯችን ተተክሎ ኖረ። በ1990 ከፒራሚዶቹ በስተደቡብ አንድ ፈረስ አሸዋ በሸፈነው የጭቃ ጡብ ግድግዳ ተደናቀፈ፤ ቦታው ሲቆፈር የፒራሚድ ሠራተኞች መቃብር ሆኖ ተገኘ። አጥንቶቻቸው ከባድ ሥራ እንደ ሠሩ ይመሰክራሉ፤ ከእነዚያው አጥንቶች መካከል ግን ተሰብረው፣ በወጌሻ እጅ ተቃንተው የገጠሙ አሉ። ንጉሡ በተቀበረበት አጠገብ፣ ለወዲያኛው ዓለም የሚሆን ዳቦና ቢራ በማሰሮ ተቀምጦላቸው የተቀበሩ ሰዎች ናቸው።

ከዚህም የሚበልጠው ምስክር የተገኘው በ2013 ነው። ፒየር ታሌ የሚመራው የፈረንሳይና የግብፅ ቡድን በቀይ ባሕር ዳርቻ ዋዲ አል ጃርፍ በሚባል ጥንታዊ ወደብ ሲቆፍር የፓፒረስ ቁርጥራጮች አገኘ፤ እስከ ዛሬ ከተገኙት ጽሑፍ ያለባቸው ፓፒረሶች ሁሉ የሚቀድሙ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሜረር የተባለ ሰው የሥራ መዝገብ ነው። ሜረር አርባ ያህል ሰዎች ያሉበት ቡድን አለቃ ነበር፤ ሥራውም ከቱራ የተፈለጠውን ነጭ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ጭኖ በዓባይና በቦዮች በኩል ለታላቁ ፒራሚድ ወደ ጊዛ ማድረስ ነበር። መዝገቡ በቀን በቀን ተከፋፍሏል። በዚህ ቀን ሜረር ከሰዎቹ ጋር ቱራ ላይ ድንጋይ ሲያጓጉዝ ዋለ፤ እዚያው ቱራ አደረ። በማግስቱ ድንጋይ በተጫነባት ጀልባ ተጓዘ፤ ሌሊቱን በኩፉ ሐይቅ አደረ። በማግስቱ ጊዛ ደረሰ። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የጥንት ግብፆች ቋንቋም ለ«ዋለ» እና ለ«አደረ» እንደ እኛው የተለያዩ ግሦች ስላሉት፣ ያን መዝገብ በአማርኛ ማስገባት ምንም አያስቸግርም፤ ዋለ፣ አደረ፣ ዋለ፣ አደረ። በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይመላለሱ ነበር። አብረው የተገኙት ሌሎች ፓፒረሶች ደግሞ ለቡድኑ የተላከለትን ቀለብ የሚቆጥሩ ናቸው። በእነዚህ ገጾች ላይ ከኩፉ ወንድሞች አንዱ አንክሃፍ የሥራው የበላይ ሆኖ ተጠቅሷል።

እኔን በጣም የሚነካኝ ሜረር ስለ ፒራሚዱ ውበት አንዲት ቃል አለመናገሩ ነው። በዓለም ላይ እጅግ ግዙፍ የነበረው ሕንፃ በዓይኑ ፊት ሲያድግ እያየ፣ እሱ የጻፈው የት እንደ ዋለና የት እንዳደረ ነው። ይህ የግዴታ አገልግሎት አልነበረም ማለት አይደለም፤ ሰዎቹ ወደ ሥራው ሲጠሩ እምቢ የማለት መብት ነበራቸው ብሎ የሚያስብ የለም። ሆኖም በጅራፍ የሚነዳ ስም የለሽ መንጋ አልነበሩም። ቀለባቸው የሚቆጠርላቸው፣ በቡድን የተደራጁ፣ አለቃቸው ማንበብና መጻፍ የሚችል ሠራተኞች ነበሩ።

ሁለተኛው ጥያቄ የራሴ ነው፤ የተወለደውም ክፍል ውስጥ ነው። ተማሪ ሳለሁ በመማሪያ መጽሐፋችን ላይ፣ ከኮሎምበስ በፊት ሰዎች ምድር ጠፍጣፋ ናት ብለው ያምኑ እንደ ነበርና እሱ ክብ መሆኗን እንዳረጋገጠ ተጽፎ ነበር። እጄን አወጣሁና «ሁሉም ጠፍጣፋ ናት ካሉ፣ መርከብ የሚገዛበትን ገንዘብ ማን አምኖ ሰጠው?» ብዬ ጠየቅኩ። መምህሬ ለፈተና እንደማይመጣ ነገሩኝና ትምህርቱ ቀጠለ። ጥያቄው ግን ለዓመታት ከእኔ ጋር ቆየ፤ በኋላ ሳነብ ደግሞ የተማርነው ሁሉ የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት።

ምድር ክብ መሆኗ በተማሩ ሰዎች ዘንድ ከኮሎምበስ በፊት ለ1,800 ዓመት ያህል የታወቀ ነገር ነበር። አርስቶትል ጨረቃ ስትጋረድ የምድር ጥላ ክብ ሆኖ እንደሚታይባት አስተውሏል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ ይኖር የነበረው ኤራቶስቴነስ ደግሞ ክብ መሆኗን አልፎ ስፋቷን ለካ። በዓመቱ ረጅሙ ቀን፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ፣ በሲዬኔ (የዛሬዋ አስዋን) የፀሐይ ብርሃን ቀጥ ብሎ እስከ ጉድጓድ ውኃ ድረስ ይወርድ ነበር፤ በዚያው ሰዓት በእስክንድርያ ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ጥላ ይጥላል። የጥላው ማዕዘን የአንድ ሙሉ ክብ አንድ ሃምሳኛ ሆነ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 5,000 ስታዲያ ነው ተብሎ ስለ ተቆጠረ፣ በ50 ሲባዛ የምድር ዙሪያ 250,000 ስታዲያ ይወጣል። የአንድ ስታዲያ ርዝመት ምሁራንን ዛሬም ቢያከራክርም፣ ውጤቱ ከእውነተኛው ብዙም የራቀ እንዳልሆነ አብዛኞቹ ይስማማሉ። አንድ ጥላ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ማባዛት።

እንግዲህ የስፔን ሊቃውንት ኮሎምበስን የተቃወሙት ምድር ጠፍጣፋ ናት ብለው አልነበረም። ወደ እስያ በምዕራብ በኩል ያለው መንገድ እሱ ከሚለው እጅግ ይረዝማል ብለው ነው፤ ትክክለኞቹም እነሱ ነበሩ። ኮሎምበስ የተሳሳተው በመለኪያ ነው። በ9ኛው መቶ ዘመን የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ አል ፈርጋኒ የምድር ዙሪያ አንድ ዲግሪ (ከ360 አንዱ) 56 ከሁለት ሦስተኛ ማይል መሆኑን ሲጽፍ የተጠቀመው በዐረብ ማይል ነው፤ ኮሎምበስ ግን ቁጥሩን ከዚያ አጠር ባለው በሮማ ማይል ተረጎመው። በዚህም ላይ እስያን ከሚገባት በላይ ወደ ምሥራቅ ስለ ዘረጋት፣ ከካናሪ ደሴቶች እስከ ጃፓን 4,400 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ መሰለው። እውነተኛው ርቀት 20,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በመካከል ማንም ያላሰበው አህጉር ባይኖር ኖሮ ሰዎቹ በውኃ ጥምና በረሃብ ባለቁ ነበር። ጠፍጣፋ ምድር የሚለው ትረካ በሰፊው የተዛመተው አሜሪካዊው ጸሐፊ ዋሽንግተን ኢርቪንግ በ1828 ባሳተመው የኮሎምበስ የሕይወት ታሪክ ነው። ልጅነቴን ሙሉ የተማርኩት እንግዲህ ያንን ልብ ወለድ ቀመስ ትረካ ነበር ማለት ነው። ጥያቄዬ በዚያ ቀን ቢመለስልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ!

የናፖሊዮን ጉዳይም የመለኪያ ጉዳይ ነው፤ ይህኛው ግን አጭር ነው። በ1821 ሲሞት የተመዘገበው ቁመቱ 5 ጫማ ከ2 ኢንች ነበር። የድሮው የፈረንሳይ ኢንች 2.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የእንግሊዙ 2.54 ነው፤ ስለዚህ ያው ቁጥር በእንግሊዝ መለኪያ ሲነበብ 157 ሴንቲ ሜትር የሚሞላ ሰው ያወጣል፣ በትክክለኛው ሲሰላ ግን 168 ገደማ ይሆናል። ይህ በዘመኑ ለነበረ ፈረንሳዊ ወንድ መካከለኛ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ቁመት ነው። የእንግሊዛዊው ጄምስ ጊልሬይ የካርቱን ሥዕሎች ቀድመው ናፖሊዮንን ድንክ አድርገውት ስለ ነበር፣ የተሳሳተውን ቁጥር ለማመን ሁሉም ዝግጁ ነበር።

ስለ ቀን አቆጣጠር የሚነሡት ጥያቄዎች ደግሞ ሰውን ሁሉ ያስደንቃሉ። በ1582 የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ የድሮውን የዩልዮስ አቆጣጠር ሲያርሙ፣ በየዓመቱ በ11 ደቂቃ ያህል ስሕተት የተጠራቀሙትን አሥር ቀናት መዝለል አስፈለገ። ስለዚህ በስፔን፣ በፖርቱጋልና በሌሎችም የካቶሊክ አገሮች ከሐሙስ ኦክቶበር 4 ቀጥሎ የመጣው ዓርብ ኦክቶበር 15 ነበር። ስፔናዊቷ ቅድስት ቴሬዛ ዘአቪላ ያረፈችው ልክ በዚያች ሌሊት ነው። በአራተኛው ቀን አርፋ በማግስቱ በአሥራ አምስተኛው ቀን ተቀበረች፤ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ የኅትመት ስሕተት መስሎኝ ደጋግሜ አየሁት። ሩሲያ እስከ 1918 በድሮው ስለ ቆየች፣ የኦክቶበር አብዮት የምንለው በአዲሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 7 ላይ ይውላል። ከሁሉ የምትገርመው ግን ስዊድን ናት፤ ለውጡን ቀስ በቀስ ለማድረግ በ1700 ጀምራ፣ በመሀል ስለ ተወችው ከማንም ጋር የማይገጥም አቆጣጠር ይዛ ቀረች። ወደ ድሮው ለመመለስ በ1712 አንድ ተጨማሪ ቀን አስገባች። በዚያ ዓመት ስዊድን ውስጥ ፌብሯሪ 30 የሚባል ቀን ነበር።

በዘመናት መካከል ስላለው ርቀት ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም እሳሳታለሁ፤ ታሪክን ምዕራፍ በምዕራፍ ስለ ተማርን «ጥንት» የሚለው ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ይመስለናል። ክሊዮፓትራ የሞተችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 ነው፤ ስለዚህ ከታላቁ ፒራሚድ ይልቅ ሰው ጨረቃ ላይ ለወጣበት ለ1969 በአምስት መቶ ዓመት ትቀርባለች። ፒራሚዱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላም በሰሜን ዋልታ አካባቢ በምትገኘው ራንገል ደሴት ላይ ማሞዝ የሚባሉት ጸጉራም ዝሆኖች ገና በሕይወት ነበሩ።

ርቀቱ በተቃራኒውም ያታልላል። ሳሙኤል ሲሞር የሚባል አሜሪካዊ ሽማግሌ በፌብሯሪ 1956 በቴሌቪዥን ቀረቡ። በኤፕሪል 1865 ፕሬዚዳንት ሊንከን በተገደሉበት ምሽት፣ የአምስት ዓመት ልጅ ሆነው በፎርድ ቲያትር ቤት ውስጥ ነበሩ። ያስታወሱትም እንደ ልጅ ነው፤ ሊንከን መመታታቸውን አላወቁም፣ ያሳዘናቸው ከላይ ወደ መድረኩ የወደቀው ሰው ነበር፤ እሱን መርዳት ፈልገው ነበር። የወደቀው ገዳዩ ነው። ይህን ምስክርነት ባነበብኩ ቁጥር ያ ልጅ ለማያውቀው ሰው ያዘነው ኀዘን ከብዙ የታሪክ ገጽ ይልቅ ያን ምሽት ያቀርብልኛል። ሽማግሌው በቴሌቪዥን ከታዩ ከሁለት ወር በኋላ ዐረፉ።

ስሙ የደረሰልን የመጀመሪያው ሰው ማን ነው? የሚለውን የጠየቀችኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ንጉሥ ወይም ጦረኛ እንደምላት ጠብቃ ነበር። ከዛሬዋ ኢራቅ፣ ከጥንታዊቷ ኡሩክ የተገኙትንና 5,000 ዓመት ያለፋቸውን የሸክላ ጽላቶች ሥዕል አሳየኋት። በአንዱ ላይ በ37 ወራት ውስጥ 29,086 መስፈሪያ ገብስ ስለ መግባቱ የሚያመለክት ሒሳብ አለ፤ መጨረሻው ላይም ኩሺም የሚል ፊርማ የሚመስል ምልክት ተቀምጧል። ኩሺም የሰው ስም ይሁን ወይም የሥራ መደብ መጠሪያ ሊቃውንት ገና አልተስማሙም፤ የሰው ስም ከሆነ ግን በጽሑፍ የደረሰን የመጀመሪያው ስም የአንድ ገብስ ተቆጣጣሪ ነው ማለት ነው። ልጅቷ ሥዕሉን አተኩራ አየችና «ይህን ሁሉ ገብስ ምን አደረገው?» አለችኝ። ይህም የተመዘገበ ነው። ከኩሺም ጋር የተያያዙት ሌሎቹ ጽላቶች ብቅልና ቢራ ለመሥራት የሚያስፈልገውን እህል ይቆጥራሉ።