በረዶ እስኪወርድ የሚጠብቀው ሙዚቀኛ

ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ጎትፍሪድ ሙቴል ስሙ የሚነሣው የታላቁ የሙዚቃ ደራሲ የዮሐን ሰባስትያን ባኽ የመጨረሻ ተማሪ እየተባለ ነው። ማዕረጉ ለጆሮ ይከብዳል፤ ትምህርቱ ግን የሳምንታት ጉዳይ ነበር። በጀርመን በሽቬሪን ቤተ መንግሥት ኦርጋን ይጫወት የነበረው የ22 ዓመት ወጣት መስፍኑን አስፈቅዶ ባኽ ወደሚኖርባት ላይፕዚግ የገባው እ.ኤ.አ. በ1750 ነው። ባኽ በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ የዓይን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ብርሃኑን አጥቶ ነበር፤ ጁላይ 28 ቀንም ዐረፈ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሙቴል የበለጠ የወረሰው ከባኽ ልጅ ከካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ነው። ዜማው ሲንደረደር ቆይቶ ያለ ማስጠንቀቂያ ቀጥ ይላል፤ ወዲያው ሌላ ስሜት ይዞ ይነሣል። አባትየው እንዲህ ያለውን መዋዠቅ የሚወድ አይመስለኝም።

በ1753 ዛሬ የላትቪያ ዋና ከተማ ወደሆነችው ሪጋ ተሻገረ፤ በ1788 እስኪሞት ድረስም ኑሮው እዚያው ሆነ። ጎዳናው በወፍራም በረዶ ካልተሸፈነ ለሰው አይጫወትም ነበር ይባላል፤ የሰረገላ ኳኳታ ስለሚረብሸው። ብዙዎች ይህን የቅብጠት ምልክት አድርገው ያወሩታል። እኔ ግን አልፈርድበትም። የዘመኑ ሰዎች አብዝተው የሚወዱት ክላቪኮርድ እጅግ ድምፀ ስስ መሣሪያ ነው። ቁልፉን ሲጫኑት በጫፉ ያለች ትንሽ የነሐስ ምላስ ክሩን ትነካለች፤ ጣት እስካልተነሣ ድረስም ከክሩ አትለቅም። ስለዚህ ተጫዋቹ ቁልፉን በስሱ እየወዘወዘ ድምፁን ማርገብገብ ይችላል። ይህን በፒያኖ ልሞክር ብትሉ ድካም ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን መርገብገብ አንድ ሰረገላ ቢያልፍ ይውጠዋል። እኔ ራሴ ከአስፋልት ዳር ስለምኖር የሙቴልን ሥራዎች የምሰማው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

በ1756 ኑረምበርግ የታተሙትን ሦስት ሶናታዎቹን ለመጫወት የሚነሣ ሰው ልቡን ያዘጋጅ። ገጹ በጥቃቅን ኖታ ጠቁሯል። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ጸሐፊ ቻርልስ በርኒ የሄንደልን፣ የስካርላቲን፣ የኢማኑኤል ባኽንም ሥራ ድል አድርጎ ምን ቀረኝ ለሚል ተማሪ የሙቴልን ሥራዎች ለትዕግሥት መለማመጃ አዝዞለታል።

እኔ ከሁሉ የማስበልጠው በ1771 ሪጋ ላይ የታተመውን ለሁለት መሣሪያ የተጻፈ ዱዌት ነው። ርዕሱ ላይ «ፎርቴፒያኖ» የሚለው የቀድሞው ፒያኖ ስም አለ፤ በዚያን ጊዜ ገና እንግዳ ነበር። መካከለኛውን ዝግተኛ ክፍል ሁለት ሰዎች ሲቀባበሉት የሰማ፣ ይህ ሰው ለምን ጥቂት ብቻ ጽፎ አለፈ ብሎ መናደዱ አይቀርም። መንፈሱ ካልተነሣሣ ብዕር አያነሣም ነበር። አንዳንዴም ሳይነሣሣ ቢጽፍልን ምን ነበረበት?