«አልታወቀም» የሚለውን ከመዝገብ ስሰርዝ

በአንድ ሆስፒታል የጤና መረጃ ባለሙያ ሳለሁ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ድንገተኛ ክፍል የሚመጡ ሰዎች በመዝገባችን «መመረዝ» ተብለው ብቻ ስለሚቀሩ፣ ቁጥራቸውን ለይቼ ለማውጣት ተነሣሁ። ፈቃድ ማግኘቱ፣ ዓምድ ማስመሩና ነርሶችን ማሠልጠኑ በሁለት ሳምንት አለቀ።

ያበላሸሁት ዓምዱን ራሱን ነው። የሚሞላው «ሆን ብሎ» ወይም «በስህተት» ብቻ እንዲሆን አደረግሁ፤ በግምገማ ላይ «አልታወቀም» የሚል መልስ እንደ ስንፍና ስለሚቆጠርብን፣ አይሲዲ 10 የተባለው ዓለም አቀፍ የበሽታና የጉዳት ምደባ ዓላማው ላልተለየ ጉዳት ከዋይ 10 እስከ ዋይ 34 የራሱን ኮድ እንደሰጠው እያወቅሁ፣ ሦስተኛውን ምርጫ በገዛ እጄ ሰረዝሁት።

በሦስተኛው ወር መዝገቡ ሙሉ ነበር፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም «በስህተት» ይላል። ምክንያቱ የገባኝ አንድ ምሽት ትሪያጅ፣ ማለትም ታካሚዎች እንደደረሱ በሕመማቸው ክብደት የሚለዩበት ቦታ፣ አጠገብ ቆሜ ሳይ ነው። ነርሷ እስክሪብቶዋን እንደያዘች «ሆን ብላ ነው?» ስትል፣ እናትየዋ በነጠላዋ አፏን ሸፍና «ኧረ በስህተት ነው፣ መድኃኒት መስሏት» አለች፤ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዝም አለች። ከኋላ ጎረቤቶች ቆመዋል፣ በሩ ላይ ፖሊስ አለ። ብትሞት ፍትሐት ትከለከላለች፣ ብትድን ትታሰራለች ብላ የምትፈራ እናት ሌላ ምን ትበል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ያነሣሣውንና የረዳውን እንጂ ሞካሪውን አለመሆኑን ለነርሶቹ እንኳ አልነገርኋቸውም ነበር።

ለግምገማ የመጡት ኃላፊ ግን አንዱን ገጽ እንኳ ሳያነቡ «መቶ በመቶ የተሟላ» ብለው አመሰገኑኝ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ታካሚው ከነቃ በኋላ፣ ቤተሰብ በሌለበት እንዲቀርብ አደረግሁ፤ «አልታወቀም»ንም መለስሁት። የወሰዱት ነገር ስምም ከዕቃው ላይ ተነብቦ ይጻፋል፤ ስሪላንካ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎችን ቁጥር እጅግ የቀነሰችው ገዳዮቹን የተባይ ማጥፊያዎች ለይታ በማገድ ነውና፣ «መርዝ» ብቻ ከሚል መዝገብ የሚታገድ ነገር አይገኝም። ሪፖርት በቀኑ ይዘጋ የሚለውን መመሪያ በዚህ ዓምድ ላይ አትከተሉ፤ ታካሚው እስኪናገር ክፍት ይቆይ።

በቀጣዩ ግምገማ «የመረጃ ጥራታችሁ ወርዷል» ተባልሁ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምሁ። እነዚያ ሦስት ወራት ግን ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው የጤና መረጃ ቋት ውስጥ ዛሬም እንደ ትክክለኛ ቁጥር ተቀምጠዋል።