አንድ ምዕራፍ በአንድ ማታ

«ኪሚ ኒ ቶዶኬ» የሚባለውን የጃፓን የፍቅር አኒሜ (ካርቱን ተከታታይ) መጀመሪያ ያየሁት በጥድፊያ ነበር። የስልኬን ፍጥነት 1.5 አድርጌ፣ በጎን ልብስ እያጠፍኩ። ስድስተኛው ክፍል አካባቢ ሰለቸኝና ተውኩት። ልጁ ይወዳታል። እሷም ትወደዋለች። ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?

እኔ ያደግሁት የቱርክ ድራማ ሲታይ በሚያመሽ ቤት ነው። እዚያ በስድስት ክፍል ጥፊ አለ፣ ሽጉጥ አለ፣ የተደበቀ ልጅ አለ። እዚህ ግን በስድስት ክፍል አንዲት ልጅ ጓደኛ አገኘች። በቃ።

ከዓመት በኋላ አክስታችን ከአሜሪካ ስትመጣ ለታናሽ እህቴ አኒሜው የተሠራበትን ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ፣ የመጀመሪያ ጥራዞች በእንግሊዝኛ ይዛላት መጣች። እህቴ እንግሊዝኛው ከበዳት። «እያነበብሽ ወደ አማርኛ መልሺልኝ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ግን በአንድ ማታ አንድ ምዕራፍ ብቻ፣ ምክንያቱም ጠዋት ሥራ እገባለሁ። ሁሉን ነገር የቀየረው ይህ የድካም ውሳኔ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ፦ ሳዋኮ ኩሮኑማ ሆካይዶ ውስጥ የምትኖር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ረጅም ጥቁር ፀጉሯንና ዝምታዋን አይተው የክፍሏ ልጆች «ሳዳኮ» ይሏታል፤ የአንድ የታወቀ የጃፓን አስፈሪ ፊልም መንፈስ ስም ነው። ሰው ይሸሻታል። ሁሉም የሚወደው ካዜሃያ የሚባል ልጅ ግን አይሸሻትም፤ ሰላም ይላታል። ታሪኩ የሚነሳው ከዚህች ሰላምታ ነው።

ጮክ ብዬ እየተረጎምኩ መቸኮል አልቻልኩም። መጀመሪያ ገጹ ራሱ አስቸገረኝ፤ ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። ከዚያ ደግሞ ምንም ቃል የሌለባቸው ሳጥኖች አሉ። አንድ እጅ ብቻ። ወይም የመስኮት መጋረጃ። ሐሳቧ ደግሞ ከንግግር አረፋው ውጭ፣ ገጹ ላይ ተንሳፍፎ ይጻፋል። ብቻዬን ብሆን ኖሮ እነዚህን ገጾች በሁለት ሰከንድ አልፋቸው ነበር። እህቴ ግን እጇን ገጹ ላይ ጭና «ቆይ፣ አትግለጪው» ትለኛለች። የሚተረጎም ነገር የለም። ዝም ብለን እናየዋለን። እንደዚያ ስናይ ነው ካዜሃያ ጆሮው ድረስ መቅላቱን ያየሁት።

ትልቁ ጣጣ አጠራሩ ላይ መጣ። ሳዋኮ እኩዮቿን የምታናግረው በአክብሮት ነው፤ ጃፓንኛው ላይ ግሱ ራሱ ያንን ይናገራል። እንግሊዝኛው ይህን ይውጠዋል። አማርኛ ግን አያልፍሽም፦ ካዜሃያን «አንተ» ትበለው ወይስ «እርስዎ»? «እርስዎ» ብለን ሞከርነው። እህቴ አልተዋጠላትም። የ15 ዓመት ልጅ የክፍሏን ልጅ አንቱ ስትል የባሰ እንግዳ ሆነችብን። በመጨረሻ «አንተ» እንድትለው፣ ግን የቤተሰብ ስሙ ላይ «ኩን» የሚለውን የአክብሮት ቅጥያ ጨምራ «ካዜሃያ-ኩን» እያለች እንድትጠራው ተስማማን።

እሱም «ኩሮኑማ» ነው የሚላት፣ በቤተሰቧ ስም። ጃፓን ውስጥ የቤተሰብ ስም ጨዋ ርቀት ነው። አንድን ሰው በራሱ ስም መጥራት፣ በተለይ «ሳን» ወይም «ኩን» ሳይጨመርበት፣ በር ከፍቶ እንደ መግባት ነው። ስለዚህ በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ አንድ ሰው ሌላውን በስሙ የጠራበት ቀን ትልቅ ቀን ነው። ይህን ለእህቴ ሳስረዳት ብዙ አልደከምኩም። እኛ ጋ «ዬ» አለች። አንድ ልጅ ለወራት በስምሽ «ሰላም» እያለ ሲጠራሽ ቆይቶ አንድ ቀን «ሰላምዬ» ቢልሽ፣ ቤት ገብተሽ እራት ይበላልሻል? እህቴ ሳቀች፤ ከዚያ ዝም አለች። የሆነ ሰው ትዝ እንዳላት ገባኝ። አልጠየቅኳትም።

ማንጋው እንደዚህ ቀስ ተብሎ ቢነበብ አያስገርምም። የወጣው በየወሩ በሚታተም መጽሔት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያልቅ 30 ጥራዝ ሞልቶ ነበር። ጃፓናዊት ተማሪ አንዷን ምዕራፍ አንብባ ወር ሙሉ ይዛት ትዞራለች። አኒሜውም ቢሆን ሁለተኛው ሲዝን በ2011 አልፎ ሦስተኛው የመጣው በ2024 ነው። እኔ ነኝ ስድስቱን ክፍል በአንድ ከሰዓት የዋጥኩት።

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?» ለሚለው ጥያቄዬ መልሱን ያገኘሁት የቫላንታይን ቀን ላይ ነው። ጃፓን ውስጥ የካቲት ላይ ቸኮሌት የሚሰጡት ሴቶች ናቸው። ለይሉኝታ የሚሰጥ አለ፣ «ጊሪ» ይሉታል። ከልብ የሚሰጥ አለ፣ «ሆንሜይ» ይሉታል። ሳዋኮ ለሌሎቹ ያዘጋጀችውን ያለ ችግር ታድላለች። የካዜሃያ ግን እጇ ላይ ይቀራል። የይሉኝታ ስላልሆነ መስጠት አቃታት። እሱ ደግሞ ለሁሉም ሰጥታ እሱን እንደዘለለችው ያያል።

ይቺን ስተረጉም ድምፄ ተቆራረጠ። ሳዋኮ የምትጠብቀው እሱን አይደለም። ደግነቱን «ለሁሉም እንዲህ ነው» ብላ ነው የምትተረጉመው፤ አንድ ሰው እሷን ለይቶ ሊወድ ይችላል የሚለው ሐሳብ ጭንቅላቷ ውስጥ ቦታ የለውም። ያ ሁሉ ጥራዝ የሚሄደው ያ ቦታ እስኪከፈት ነው። ለዚህም ነው ከካዜሃያ በፊት ጓደኞቿ አያኔና ቺዙሩ የሚመጡት። መጀመሪያ ጓደኛ መሆን እንደምትችል ማመን ነበረባት። የዛሬ ዓመት «ምንም አልሆነም» ብዬ የዘጋሁት እዚያ ላይ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም መዘግየት እንደዚህ ትርጉም አለው ማለቴ አይደለም። እዚሁ ታሪክ ውስጥ እንኳ ከቫላንታይኑ በኋላ የሚመጣው አለመግባባት ረዝሟል ባይ ነኝ። አንድ ቃል ቢነጋገሩ የሚያልቅ ነገር ሲጎተት ያናድዳል። አሁን አዲስ ማንጋ ስጀምር የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ሰዎቹ በየምዕራፉ ትንሽ እየተለወጡ ነው ወይስ ደራሲው በር እየዘጋባቸው ነው? «ዩቢሳኪ ቶ ሬንረን» በሚባለው ማንጋ ውስጥ መስማት የተሳናት ዩኪና ኢትሱኦሚ በጊዜ ነው የሚቀራረቡት። ግን እሱ የምልክት ቋንቋ አንድ አንድ እያለ ሲማር ማየት ከየትኛውም የተንዛዛ ምስጢር ይበልጥብኛል።

አንድ ስህተትም ሠርቻለሁ። ለሥራ ባልደረባዬ «ታካጊ-ሳን»ን ጋበዝኳት። ሾዶሺማ ደሴት ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ተማሪዎች፤ ልጅቷ ትተነኩሰዋለች፣ ልጁ ሁልጊዜ ይሸነፋል፣ ለምን እንደምትተነኩሰው ደግሞ እሱ ብቻ አያውቅም። ቅዳሜ ጀምራ እሑድ ማታ «አንድ ዓይነት ነው» ብላ ጻፈችልኝ። በ20 ጥራዝና በ10 ዓመት የተሠራ ነገር ነው። ቀስ ብላ እንድታየው መንገር ነበረብኝ። አሁን ለሰው ስጋብዝ አንድ ክፍል ብቻ እልክና ሳምንት ቆይቼ እጠይቃለሁ።

በእነዚህ ታሪኮች ላይ በጣም የምወደው ሌላ ነገር፣ ክፉ የሚመስለውም ሰው አለመጣሉ ነው። በሳዋኮ ስም ስለ ጓደኞቿ መጥፎ ወሬ የነዛችው ኩሩሚ ራሷ ካዜሃያን ለዓመታት የወደደች ልጅ ናት። ስሜቷን ትነግረዋለች፣ አይሆንም ይላታል፣ ታለቅሳለች። እህቴ ያን ማታ ከሳዋኮ ይልቅ ለኩሩሚ ነው ያዘነችው። መጽሐፉም እንድታዝንላት ቦታ ትቶላታል።

እኔ በመሃል አኒሜውን በትክክለኛ ፍጥነቱ መልሼ ስላየሁት ወደፊት የሚሆነውን አውቃለሁ። እህቴ አታውቅም። ጥርሷን እየቦረሸች ከመታጠቢያ ቤት «ነገረችው እንዴ? እሱን ብቻ ንገሪኝ» ትለኛለች። አልነግራትም። መብራቱን አስተካክዬ፣ የተውንበትን ገጽ ከፍቼ እጠብቃታለሁ።