ወገኑ የታወቀ ታዛቢን ስለ መግለጽ

ሰሞኑን ሐሳቤን ይዞት የሰነበተ አንድ ጉዳይ አለ። የሌሎችን ዘገባ እየተከታተለ ስሕተት የሚያወጣ፣ ራሱ ግን የለየለት የፖለቲካ ወገን ያለው ድርጅት ለአንባቢ እንዴት ቢገለጽ ነው ፍትሐዊ የሚሆነው? እዚህ ደሴ ጋዜጠኝነት የማስተምራቸውን ተማሪዎች የመገናኛ ብዙኃን ታዛቢ ድርጅቶችን እየመረጡ አጭር መግለጫ እንዲጽፉ አዝዣቸው ነበር፤ አንዲት የሐይቅ ልጅ የመረጠችው ሚዲያ ማተርስ ፎር አሜሪካ የተባለውን የአሜሪካ ድርጅት ነው። ረቂቋን ይዛ መጣችና፣ «መምህር፣ የዴሞክራቶች ደጋፊ ነው ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ሌላው ምን ይጨምራል? አንባቢው እኮ እዚያው ላይ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል» አለችኝ። «አብሽሪ፣ ቁጭ በይና አብረን እንየው» አልኳት። ጥያቄዋ ግን ቀላል አልነበረም፤ አብዛኛው ሰው የሚያነበውም እሷ እንዳለችው ነውና።

በመጀመሪያ ያረምነው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ነው። ሚዲያ ማተርስ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሆኖ የተመዘገበና ከግብር ነፃ የሆነ ስለሆነ፣ የአገሩ ሕግ ለምርጫ ዕጩዎች እንዳይቀሰቅስ ይከለክለዋል። ስለዚህ የፓርቲ ክንፍ አድርጎ ማቅረቡ ትክክል አይደለም፤ ተራማጅ፣ ማለትም ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ድርጅት ነው ማለት ግን ትክክል ነው፤ ራሱም ሥራው በአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን የሚሰራጨውን የወግ አጥባቂዎች የተሳሳተ መረጃ መከታተልና ማረም እንደሆነ በግልጽ ይናገራልና። ድርጅቱ ራሱ ያመነውን ወገን በመጀመሪያው መስመር ማስፈር ስድብ አይደለም። ያንኑ ወገን ከጀርባ የተደበቀ ምስጢር እንደተገኘ አስመስሎ መጻፍ ግን አንባቢን ማሳሳት ነው። መሥራቹ ዴቪድ ብሮክ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለወግ አጥባቂ መጽሔት እየጻፈ ክሊንተንን ሲወቅስ የነበረ፣ ኋላ ላይ የቀድሞ ሥራውን በአደባባይ ነቅፎ ወደ ሌላው ጎራ የተሻገረና እ.ኤ.አ. በ2004 ይህን ድርጅት ያቋቋመ ሰው ነው። ይህን ታሪክ አንዱ ጎራ የመለወጥ ምስክርነት፣ ሌላው ደግሞ የክሕደት ማስረጃ አድርጎ ያነሣዋል፤ የእኛ ድርሻ የሆነውን በዓመቱ መናገር ብቻ ነው።

ሚዲያ ማተርስ በዓይነቱ ብቸኛም የመጀመሪያም አይደለም። በወግ አጥባቂዎቹ በኩል አኩሬሲ ኢን ሚዲያ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ብሬንት ቦዜል የመሠረተው ሚዲያ ሪሰርች ሴንተር ደግሞ በ1987 ተቋቁመው የመገናኛ ብዙኃንን የግራ አድልዎ እናጋልጣለን እያሉ ሲሠሩ ኖረዋል፤ በግራው በኩልም ፌር የተባለው ቡድን ከ1986 ጀምሮ አለ። አንዱን «ታዛቢ»፣ ሌላውን «የፖለቲካ መሣሪያ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሚዛኑ የተዛባው ገና ከመነሻው ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለወሎ ሰዎች የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕወሓት ደሴን ተቆጣጠርኩ ሲል መንግሥት ደግሞ ሐሰት ነው ብሎ ሲያስተባብል፣ እኛ መሐል ላይ ሆነን ልጆቻችንን ይዘን እንውጣ ወይስ እንቆይ የሚለውን የምንወስነው ከእነዚህ ሁለት መግለጫዎች በአንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጎራው የተቃራኒውን ውሸት ብቻ እየለቀመ የሚያወጣ በዝቷል፤ ሰዉም የሚጠይቀው «የማን ነው?» ብሎ ነው እንጂ «ማስረጃው ምንድን ነው?» ብሎ አይደለም። በአገራችን ሽምግልና የከሳሽ ዘመድ ምስክር ሆኖ ሲቀርብ ዝምድናው ይነገራል፣ ከዚያም ቃሉ ይሰማል፣ ቃሉም ከሌላው ቃል ጋር ይመዘናል። ዝምድናው ስለታወቀ ብቻ ያየውን አላየም አይባልም።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2007 የሆነውን ለተማሪዬ ያነሣሁላት ለዚህ ነው። ዶን አይመስ የተባለው ታዋቂ የሬዲዮ አቅራቢ በረትገርስ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ላይ ዘረኛና ሴቶችን የሚያዋርድ ቃል ተናገረ፤ ሚዲያ ማተርስ ንግግሩን በዚያው ቀን ከነምስሉ አወጣው፤ ብዙም ሳይቆይ የቴሌቪዥን ጣቢያው ኤምኤስኤንቢሲ ፕሮግራሙን ማስተላለፍ አቆመ፣ የሬዲዮ አሠሪው ሲቢኤስም ሰውዬውን አሰናበተ። እዚህ ላይ ያወጣው ድርጅት ተራማጅ መሆኑ የንግግሩን እውነትነት ቅንጣት አይቀንሰውም፤ ቃሉ በአየር ላይ የዋለ፣ ማንም ሊሰማው የሚችል ነበርና።

የ2023ቱ ጉዳይ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልቅም፤ አብዛኛውን ሰዓታችንን የወሰደውም እሱ ነው። በዚያ ዓመት ኖቬምበር ሚዲያ ማተርስ የትልልቅ ኩባንያዎች ማስታወቂያ ኤክስ በተባለው ማኅበራዊ መድረክ ላይ ናዚን ከሚያወድሱ ጽሑፎች አጠገብ ሲታይ የሚያሳዩ ምስሎችን አወጣ። አይቢኤም፣ አፕልና ዲዝኒን የመሰሉ ኩባንያዎች ማስታወቂያቸውን ሲያቋርጡ፣ ኤክስ ድርጅቱን ቴክሳስ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። የተማሪዬ ረቂቅ «ምስሎቹ የፈጠራ ናቸው ተብሎ ተከሰሰ» ይላል። የኤክስ ክርክር ግን ማስታወቂያዎቹ በዚያ ቦታ በፍጹም አልታዩም የሚል አይደለም፤ ድርጅቱ ጽንፈኛ ገጾችንና ትልልቅ አስተዋዋቂዎችን ብቻ በሚከተል አካውንት እየገባ፣ ገጹን ደጋግሞ እያደሰ፣ ተራ ተጠቃሚ የማይገጥመውን ነገር ሆን ብሎ አስከትሏል የሚል ነው። ሚዲያ ማተርስ ደግሞ በዘገባው እንደሚጸና አስታወቀ። የሁለቱ ልዩነት ያለው በምስሉ መኖር ላይ ሳይሆን ምስሉ ስለ ጠቅላላው መድረክ ምን ያህል ይናገራል በሚለው ላይ ነው፤ መግለጫችን ይህን ለይቶ ካላስቀመጠ ለአንዱ ወገን ፈርደናል ማለት ነው። ደግሞም ኩባንያዎቹ የወጡት በዘገባው ምክንያት ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ በዚያው ሳምንት የኤክስ ባለቤት ኢሎን መስክ ፀረ አይሁድ የሆነ ጽሑፍን ትክክል ነው ብሎ መደገፉ ከፍተኛ ቁጣ ቀስቅሶ ነበር።

የወገን መኖር እውነተኛ ጉዳት የሚያደርሰው የት ላይ እንደሆነ ስንነጋገር፣ እኔ አጥብቄ የያዝኩት የሚታረመውን ስሕተት በመምረጡ ላይ ነው የሚለውን ነው። እያንዳንዱ የታረመ ስሕተት በእርግጥ ስሕተት ሆኖ፣ የተለቀመው ሁሉ ከአንድ ማሳ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለወራት እሱን ብቻ ያነበበ ሰውም ሌላው ማሳ አረም የለውም ብሎ ያምናል። ስለዚህ ድርጅቱ የሚከታተለውን ብቻ ሳይሆን የማይከታተለውንም በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ለአንባቢ የሚገባ ነገር ነው፤ ይህም ለሚዲያ ሪሰርች ሴንተር እኩል ይሠራል።

ስለ ገንዘብ ምንጩ ብዙም አልተከራከርንም። ባለሀብቱ ጆርጅ ሶሮስ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ሚሊዮን ዶላር መስጠቱን በይፋ አሳውቋል፤ መጠኑና ዓመቱ ይጻፋል፣ «የሶሮስ ድርጅት» የሚለው የተቃዋሚዎች አጠራር ግን የእኛ ቃል ሆኖ አይገባም።

ያልተስማማነው የፍርድ ቤቱ ጉዳይ የት ይቀመጥ በሚለው ነው። እኔ የሃያ ዓመት ሥራ በአንድ ባላጋራ አቤቱታ በኩል መተዋወቅ የለበትም ብዬ ከታች እንዲሆን ፈለግሁ። እሷ ግን ክሱን ተከትሎ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ሠራተኞቹን እስከ መቀነስ መድረሱን ጠቅሳ፣ «መምህር፣ ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው በዚህ ነው፤ ከሥር ከቀበርነው እኛም መረጥን ማለት ነው» ብላ ሞገተችኝ። ለጊዜው ክሱ መኖሩ በመጀመሪያው አንቀጽ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጠቀስ፣ የሁለቱ ወገን ክርክር ደግሞ ከታች በዝርዝር እንዲገባ ተስማምተን ተለያየን። ስለ ሚዲያ ሪሰርች ሴንተር የጻፈው ልጅ ረቂቅ ውስጥ አንድም ትችት የለም፤ የእሷ ውስጥ ሦስት አንቀጽ አለ። እስከ ሰኞ ተቀያይረው እንዲያነቡና አንዱ በሌላው ጽሑፍ ላይ የጎደለውን እንዲጽፍ ነግሬያቸዋለሁ።