ኮምቦልቻ፦ ማሽኑን የሠራው ማን ነው?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ቁልቁለቱ በጨመረ ቁጥር የደሴ ብርድ እየለቀቀ ሹራብ ያስወልቃል። ታች ሜዳው ላይ የፋብሪካ ጣሪያ ተደርድሯል፦ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። እኔ ግን ጉዳዬ ከአንዲት የላሜራ ወርክሾፕ ጋር ነበር።

ባለቤቱ ቶርኖ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። «ግባ ልጄ፣ አብሽር» አሉኝና ላሜራ እየተጫነ ከሚቆርጠው ማሽን፣ ከአሮጌዋ ፕሬስ አጠገብ አስቀመጡኝ። በጎኗ ትልቅ የብረት መንኮራኩር ይሽከረከራል። ሠራተኛው ልጅ ፔዳሉን ሲረግጥ የፕሬሷ ራስ ዱብ ትላለች፤ ከላሜራው ላይ የበር ማጠፊያ ተቆርጦ ይወድቃል። ልጁ ያነሳና ጠርዙን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ ከሻከረው ወደ ሞረድ፣ ካልሻከረው ወደ ሳጥን።

«ጋሼ፣ ይቺን ማን ሠራት?» አልኳቸው።

«ጀርመን ናት ይላሉ። ስሟ በቀለም ተሸፍኗል።»

ፕሬስ የሚሠራውን የጀርመን ኩባንያ፣ የሹለርን ታሪክ ያጫወትኳቸው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ሉዊስ ሹለር የሚባል ቁልፍ ሠሪ ጎፒንገን በምትባል የደቡብ ጀርመን ከተማ ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተ። በ1851 የለንደኑን ታላቅ ኤግዚቢሽን አይቶ ሲመለስ፣ ዕቃ መሥራቱን ትቶ ቆርቆሮ የሚሠሩ ሰዎች የሚገለገሉበትን ማሽን ወደ መሥራት ዞረ። በዚያችው ከተማ ሜርክሊን የተባለው የአሻንጉሊት ድርጅትም በ1859 በቆርቆሮ ሥራ ነው የጀመረው። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ማሽን ሠሪው ገዢውን እዚያው ሰፈሩ አገኘ፣ የሚበላሸውንም በዓይኑ እያየ አሻሻለ።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ ይነገራል። ኩባንያው የመኪና አካል የሚያትሙ ትልልቅ ፕሬሶች ሠራ፤ ሳንቲም የሚመቱትም በደቂቃ እስከ 850 ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድሪትዝ የተባለው የኦስትሪያ ድርጅት አብዛኛውን ድርሻ ገዛው።

ሽማግሌውን ከሁሉ ያስገረማቸው የሰርቮ ፕሬሱ ነው። እንደ እሳቸው ባለችው ማሽን መንኮራኩሩ ጉልበት ያጠራቅማል፣ የፕሬሷ ራስም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አካሄድ ትወርዳለች። ሰርቮው ላይ ግን ሞተሩ ራሱ በቀጥታ ያንቀሳቅሳል፤ ስለዚህ ላሜራውን ሲነካ ቀስ ይላል፣ ሲመለስ ይፈጥናል። ብረቱ ሳይቀደድ ይሳባል፣ የባከነው ጊዜም በመመለሻው ይካካሳል። በ2009 እ.ኤ.አ. ላይፕዚግ በሚገኘው የቢኤምደብሊው ፋብሪካ የተተከለው የሹለር የሰርቮ ፕሬስ መስመር በደቂቃ 17 ጊዜ ይመታል። ቁጥሩ ከሳንቲሙ ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስላል፤ እዚህ ግን የሚታተመው ሙሉ የመኪና በር ወይም ኮፈን ነው።

«ቁልፍ ሠሪ ነበር አልክ?» ብለው ደግመው ጠየቁኝ። «እሱማ የእኛው ሥራ ነው።»

ተነስተው ከወርክሾፑ ጥግ ሸራ ገለጡ። ከአሮጌ ኩሽኔታ፣ ከቡሎንና ከቁርጥራጭ ብረት የተሠራ ላሜራ አቅራቢ ነው፦ ሁለት ሮለሮች የላሜራውን ጫፍ ነክሰው፣ የፕሬሷ ራስ ወደ ላይ በወጣች ቁጥር በልኩ ወደፊት ይገፉታል። የልጁ ጣት ከፕሬሱ አፍ ይርቃል፤ ፍጥነቱም በእጅ ከሚቀርበው ይበልጣል። ሮለሩ ላሜራውን እንዳያንሸራትት ፊቱን በሞረድ አሻክረውታል፤ እየዳሰስኩ አየሁት፣ ጥርሱ እኩል ነው። ማሽን የሚሠራ ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ ማየቴ ከልብ አስደሰተኝ፤ ማሽን ከመግዛት ይልቅ እንዲህ የሚሠሩትን ብንደግፍ እመርጣለሁ።

ዋጋውን ስጠይቃቸው ገና አልቆረጡም። ግን የጎረቤት ወርክሾፕ አይቶት ሁለተኛውን አዟል፤ ሥራውም የሚጀመረው ኩሽኔታ ሲገኝ ነው።